የኤላው ዘፈን፣ የጓሳው ሣር

በቦረና በጋው ሲጠና ኩሬው ይደርቅና ከብቱ ሁሉ ወደ ኤላ ይነዳል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች አፈርና ዐለት ተፈልፍሎ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ውሃውን የሚያወጣው የሰው እጅ ነው። ጎረምሶች ከታች ከውሃው አንስቶ ላይ እስካለው ገንዳ ድረስ በእንጨት መሰላልና በግድግዳው እርከን ላይ አንዱ ካንዱ ራስ በላይ ይቆማሉ። የታችኛው ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ ሞልቶ ወደ ላይ ያቀብላል፤ በዚያው ቅጽበት ባዶው ኦኮሌ ከላይ ይወርድለታል። አንዱ በግማሽ ትንፋሽ ቢዘገይ ውሃው እታች ባለው ሰው ራስ ላይ ይደፋል፣ ወይም ባልዲው ያመልጥና ይወድቃል። እንዳይዘገይ የሚጠብቀው ዘፈኑ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እጁም የሚሄደው ከዜማው ምት ጋር ነው። ከብቱን፣ ጎሳውን፣ ኤላውን ራሱን እያወደሰ ለሰዓታት ይቀጥላል። ጎብኚዎች «ዘፋኝ ጉድጓዶች» እያሉ ካሜራ አንግተው የሚመጡት ይህን ለማየት ነው።

ካሜራው የማያነሳው ነገር ይበልጣል። እያንዳንዱ ኤላ የራሱ የቆየ ሕግ አለው። ኤላውን መጀመሪያ ካስቆፈረው ሰው ዘር የሚቆጠረው አባ ኮንፊ የባለቤትነቱን ማዕረግ ይይዛል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ዛሬ የማን መንጋ ይጠጣ፣ ነገ የማን፣ ማን ስንት ሰው ለቀዳ ይላክ፣ የከብቱ መውረጃና የጭቃው ገንዳ መቼ ይጠገን የሚለው በእሱ እጅ ነው። ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ ለኤላው ጉባኤ ይቀርባል። ውሃው በገንዘብ አይሸጥም፤ የሚከፈለው ጉልበት ነው። በደረቁ ወራት ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ ተራው የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ኤላው ይዘጋል። መንጋው ዝናብ ወደሞላቸው ኩሬዎች ይበተንና በኤላው ዙሪያ ያለው ግጦሽ እስከ መጪው በጋ ያርፋል። ከደንቦቹ ሁሉ ይህ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባዋል። ቦረና ሰፊ ሜዳውን በአጥር አይከልልም፤ ውሃውን በመዝጋት ሣሩን ያሳርፈዋል። የውሃ ደንቡ ዞሮ ዞሮ የሣር ደንብ ነው።

እኛ ግን ስለ ቅርስ ስናወራ ይህን አንድ ሥራ ለሦስት ቢሮ አከፋፍለነዋል። ዘፈኑ ወደ ባህልና ቱሪዝም ሄደ፣ ጉድጓዱ ወደ ውሃ ቢሮ፣ ግጦሹ ወደ ግብርና። በኤላው አፍ ላይ ለቆመ ሰው እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም። ዘፈኑ ከሌለ ቅብብሉ ይዛባል፤ ቅብብሉ ከሌለ ተራ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ተራውና መዝጊያው ከሌሉ ሣሩ አያርፍም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ የሚነሳ ነው፦ ዜማና ሥርዓት አካባቢን ለመጠበቅ የሚረዳ እውቀት የሚኖርባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የሚኖርባቸው ግን ከሥራውና ከሥልጣኑ ጋር እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባጸደቀው የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት፣ ስለ ተፈጥሮና ስለ ዓለም ያለ እውቀትና ልማድ ከአምስቱ የቅርስ ዘርፎች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። ቦረና የሚመራበት የገዳ ሥርዓትም በዚሁ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 ተመዝግቧል። መመዝገቡ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ኤላው መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ሰው ቃሉ የማይሰማ ከሆነ፣ የተመዘገበው ስሙ እንጂ እውቀቱ አይደለም።

ሥልጣኑ ከሥርዓቱ ሲነጠል ምን እንደሚመጣ ቦረና ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የደቡብ ግጦሽ ልማት ሥራ ውሃ በሌለባቸው ሜዳዎች ላይ ትላልቅ ኩሬዎችን በማሽን አስቆፈረ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ዕቅድ አውጪዎቹ ውሃ የሌለው ባዶ መሬት ብለው ያዩት ግን ነዋሪው ለዝናብ ወራት ብቻ የተወው ግጦሽ ነበር። ውሃው ከዝናቡም ወራት አልፎ ሲቆይ ሰው ሰፈረበት፤ ከብቱ ሳያቋርጥ ጋጠው፤ ሣሩ የሚያርፍበት ወቅት ጠፋ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ መንግሥት ሜዳ ማቃጠልን ከለከለ። ለከተማ ሰው እሳት ጥፋት ነው። የቦረና አርብቶ አደር ግን በየተወሰነ ዓመት ሜዳውን የሚያቃጥለው ቁጥቋጦው እንዳይወርሰው፣ መዥገሩ እንዲሞት፣ የደረቀው ሣር ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ነበር። ከክልከላው በኋላ እሾሃማው ቁጥቋጦ ሰፊውን ሜዳ ያዘው፤ ዛሬም ከቦረና ግጦሽ ዋና ችግሮች አንዱ ይኸው ነው። ሌይን ኮፖክ የ1980ዎቹን ምርምር አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ስለ ቦረና አምባ የተጻፈ ሰፊ ጥናት እነዚህን ለውጦች ተከታትሏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ዘፈኑ አልተከለከለም። የተነጠቀው፣ ሜዳው መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይቃጠል የማለት መብት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ይህ ሁሉ እውቀት እያለ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና ከብት በጅምላ ያለቀው ለምንድን ነው? መልሱ ለቅርስ ወዳጆች የሚያስደስት አይደለም። የትኛውም ሥርዓት ዝናብ አያዘንብም። አምስት ወቅት የሚዘልቅ ድርቅን ሊሻገር የሚችል የግጦሽ ደንብ ያለ አይመስለኝም፤ አለ ብሎ መከራከርም እውቀቱን ከማክበር ይልቅ ተረት ማድረግ ነው። መጠየቅ ያለበት ድርቁ ሲመጣ ምን ያህል አማራጭ ቀርቶ ነበር የሚለው ነው። ለክፉ ቀን ይጠበቅ የነበረው ሜዳ በከፊል ሰው ሰፍሮበታል፣ በከፊል ታርሷል ወይም ታጥሯል፣ በከፊል ቁጥቋጦ ውጦታል። መሸሻው ከጠበበ በኋላ ሰውየው አልሸሸም ብሎ እውቀቱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከቆላው ወደ ደጋው ብንወጣ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው ጓሳ ሌላ ምስክር ይሆነናል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውርጫማ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። መንዜ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ እረኛው ከዝናብና ከብርድ የሚከለልበትን ገሳ ይሠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያው ይኖራሉ፤ ጭላዳዎቹን የሚከታተል የረጅም ጊዜ ጥናት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በብዙ የሀገራችን ደጋዎች እንዲህ ያለው ሜዳ ታርሶና ተግጦ ባለቀበት ዘመን ይህኛው ለምን ተረፈ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የተረፈው ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ነው። አጀማመሩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። በአገሩ ትውፊት ጓሳን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ የመጠቀም መብትም ከእነሱ ዘር መቆጠርን ይጠይቅ ነበር። ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ተደራጅተው አባ ቀራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሜዳው ለ3 ዓመት፣ ሲያስፈልግም እስከ 5 ዓመት ጭራሽ ይዘጋል፤ ማጨድም ማጋጥም የለም። ጥበቃው በተራ ነው፤ ከተራው የቀረ ይቀጣል። አለቆቹ ሣሩን አይተው ደርሷል ሲሉ በበጋ ይከፈታል፤ መጀመሪያ አጨዳው ያልቃል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ይወጣል። የመዝጊያው ቀን ሐምሌ 5 ነበር፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ዕለት።

ይህን ቀን ቆም ብሎ ማየት ደግ ነው። ሬዲዮና ማስታወቂያ ሰሌዳ በሌለበት ዘመን፣ በሰፊ ሜዳ ዙሪያ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ የአንድ ደንብ መጀመሪያ ቀን እንዴት ይነገራል? ማንም ሊረሳው የማይችለው ቀን ሲመረጥ ነው። የጾም ፍች ቀንን አላውቅም የሚል ገበሬ የለም። ዕለቱ አጥቢያው በቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰብበት ስለሆነ ደንቡ በሁሉም ፊት ይታወጃል፤ ጥሶ የተገኘም አልሰማሁም ማለት አይችልም፤ የሚያፍረውም አብሮት በሚያስቀድሰው ሰው ፊት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ሐምሌ መጀመሪያ ሣሩ ከመሬት የሚነሳበት፣ የከብት ኮቴ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ነው። በዓሉ የማስታወቂያውን፣ የፍርድ ቤቱንና የሣር ባለሙያውን ሥራ ባንድ ቀን ይሠራ ነበር። ጋሬት ሃርዲን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ ማለት የጋራ ጥፋት ማለት ነው ብሎ ሲጽፍ ዓለም አምኖት ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከተለያዩ ሀገሮች ማስረጃ ሰብስባ፣ ድንበሩ የታወቀ፣ ጥበቃው ከራሱ ከተጠቃሚው የሆነ፣ ቅጣቱ ደረጃ ያለው የጋራ ሀብት ለዘመናት ሳይጠፋ እንደሚኖር አሳየች፤ በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ከጓሳ ሽማግሌዎች ጋር ብትገናኝ ኖሮ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልጋት አይመስለኝም።

ቀሮን ማወደስ ብቻውን ግን ውሸት ይሆናል። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቆጠረ ሰው ጓሳን የሚያየው ከሩቅ ነበር። የአለቅነቱና የጥበቃው ወግ በወንዶች እጅ ነበር። «የአባቶች ጥበብ» ሲባል የማን አባት፣ ማንስ ከጥበቡ ውጭ ቀረ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮ መሠረትም አብሮ ፈረሰ፤ መሬት አጥቶ ለኖረው ሰው ፍትሕ ነበር፣ ለሣሩ ግን አለቃ የሌለው ዘመን መጣ፤ ጓሳም ተጎሳቆለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያስተምረው። ነዋሪው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ የተጠቃሚነቱ በር ከዘር ቆጠራ ወጥቶ ሰፋ፤ በኋላም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ሕጋዊ እውቅና አገኘ። የትውልድ ሐረጉ ቀረ፤ መዝጋቱ፣ በተራ መጠበቁ፣ ለክፉ ቀን ማቆየቱ ቀጠለ። አንድ ቅርስ ግፉ ከላዩ ሲነሳለት ሥራው አብሮ ይጠፋል የሚለው ፍርሃት በጓሳ አልደረሰም።

ሦስተኛው ጉዳይ ለአብዛኛው አንባቢ ቅርብ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደን። በደቡብ ጎንደር በአየር ላይ የሚያልፍ ሰው በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ያያል፤ በእያንዳንዱ ክብ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያው አካባቢ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግበዋል፤ ከእነዚህ 100ዎቹ ዛፎች ናቸው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ በዙሪያው ካለው መሬት ከጠፋ ብዙ ቢሆነውም በቅጽሩ ውስጥ ዘር እያፈራ ቆይቷል። አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሀገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውና በየንግግሩ የሚደጋገመው ቁጥር በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ብዙ ጥያቄ የተነሳበት ነው፤ ለዚህ ክርክርም አያስፈልገንም። በቅጽሩ ውስጥ ያለውና ከቅጽሩ ውጭ የሌለው ዛፍ ለብቻው በቂ ማስረጃ ነው።

«ካህናቱ ዛፉን የጠበቁት ስለ ሥነ ምህዳር አስበው አይደለም፤ ለታቦቱ ክብር ነው፤ ይህ እምነት እንጂ እውቀት አይባልም» የሚል ተቃውሞ አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እውቀት ማለት በምክንያት ተብራርቶ የሚነገር ነገር ብቻ ነው ብሎ ስለሚነሳ አይጸናም። የትኛው ዛፍ ለከበሮ ግንድ እንደሚሆን፣ የትኛው ለመቋሚያ፣ የትኛው ለደዌ፣ የወደቀውን ማን በማን ፈቃድ እንደሚያነሳ የሚያውቅ የደብር አገልጋይ እውቀቱን በቃላት ሳይተነትን ይሠራበታል። ሆኖም ተቃውሞው አንድ ትክክለኛ ቦታ ይነካል። ክብሩ ትልቁን ዛፍ ከመጥረቢያ ጠበቀው፤ ችግኙን ግን ከከብት አፍ አልጠበቀውም። ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ የሚያግድ ክልከላ ብዙ ቦታ ስላልነበረ አሮጌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ የሚተካው እንደሌለ ጥናቶቹ አሳዩ። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው ያበረታቱት መፍትሔ ከውጭ የመጣ አልነበረም። ቅጽር ማለት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ሰፍቶ ደኑን ጭምር እንዲያቅፍ ተደረገ። ድንጋዩ ከእርሻው ስለተለቀመ ገበሬውም ማሳው ጸዳለት። ሳይንሱ ክፍተቱን አሳየ፤ የሚሞላበት መንገድና ጉልበቱ የተገኘው ግን ከሥርዓቱ ውስጥ ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ የእውቀት ዓይነቶች ሲገናኙ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ አንዱ ሌላውን ሲያስተምር ሳይሆን አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲነግረው።

ከቅጽሩ ሳንወጣ ወደ ዜማው እንመለስ። በትውፊት ለ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ የዓመቱን ዙር ተከትሎ የተሰደረ ነው። ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ከመስከረም 26 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ክረምት ይገባል። ክረምቱ ብቻውን ደግሞ ተሸንሽኗል። በመጀመሪያው ክፍል የሚዘመረው ስለ ዘርና ስለ ደመና ነው፤ ከሐምሌ 19 በኋላ ስለ መብረቅ፣ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ባሕርና ስለ ወንዞች፤ ከነሐሴ 10 ጀምሮ ስለ ቁራ ጫጩቶችና ስለ ደሴቶች፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ስለ ጎህና ስለ ብርሃን። ከዚያ አበባው ይመጣና ዘመነ ጽጌ ይተካል። ይህ የአየር ትንበያ አይደለም። ለሚሰማው ሰው ግን በየሳምንቱ ምን ላይ ዓይኑን መጣል እንዳለበት የሚነግር ሥርዓት ነው፤ ዘሩን፣ ደመናውን፣ የወንዙን ሙላት፣ ጎጆ ውስጥ የሚጮኸውን ጫጩት እንዲያይ ያደርገዋል። ድጓ ለመማር ዓመታት የሚፈጅበት ተማሪ የዓመቱን መልክ በጉሮሮው ይሸከማል።

ዝናቡ ግን ከቀኑ እየሸሸ ነው። የበልጉ መዘግየት፣ የክረምቱ ቶሎ መውጣት ገበሬው በየዓመቱ የሚናገረው ነው። የተሰደረው ዜማ አይለወጥም፤ ሰማዩ ተለውጧል። ታዲያ የቆየ እውቀት ባለፈው ዘመን አየር የተለካ ልብስ ከሆነ ለዛሬው ምን ይጠቅማል? ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይህኛው ነው። ልንለየው የሚገባ ነገር ያለም ይመስለኛል። አንዳንዱ ሥርዓት ራሱን የሚያርምበት መንገድ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ቦረናዎች በየ8 ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስበው ሕጋቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፤ የኤላና የግጦሽ ጉዳይ ከሚመክሩባቸው ዋና ነገሮች ውስጥ ነው። ጓሳም የሚከፈተው በተቆረጠ ዓመት አልነበረም፤ አለቆቹ ሣሩን አይተው ነው። የሲዳማ አያንቶዎች የዘመን መለወጫቸውን የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚወስኑት በየዓመቱ ከዋክብትና ጨረቃን ተመልክተው ነው። እንዲህ ያሉት ሥርዓቶች ማየትን ራሱን የሥርዓቱ አካል አድርገዋል። ድጓው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ዝናቡ ከተባለበት ቀን ሲሸሽ መሸሹ የሚታወቀው የተባለበትን ቀን የሚያስታውስ ሲኖር ነው። በዚህ ረገድ የማይለወጠው ዜማ ለለውጡ መለኪያ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም የቆየ ነገር እኩል ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ለአካባቢ ጥበቃ ስንል የምንደግፈው ቅርስ ውሳኔውን መልሶ ማየት የሚችለውን ቢያስቀድም ይሻላል።

ሥርዓት ሁሉ አካባቢን ይጠብቃል ማለትም አይቻልም። ለበዓሉ የሚነሰነሰው ቄጠማ ከየረግረጉና ከየወንዙ ዳር ይታጨዳል፤ ከተሞች በሰፉ ቁጥር የሚታጨደው ጨምሯል። ለገና የሚቆረጠው ጽድ፣ ለደመራ የሚሰበሰበው እንጨት፣ ለጭስ የሚፈለጠው ወይራ፣ ሁሉም በባህል ስም ነው። አንድ መንደር ለራሱ ሲያጭድ የማይጎዳው ረግረግ የሚሊዮኖች ከተማ ገበያ ሲሆን አይችልም። ይህ ግን የበፊቱን ክርክር የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። የመንደሩ ቄጠማ ባለቤት ነበረው፣ መቼ እንደሚታጨድ የሚል ሰው ነበረው፤ የከተማው ቄጠማ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ልማዱ ተጓዘ፣ ደንቡ እዚያው ቀረ።

«የሕዝቡ ብዛት ይህን ሁሉ አስረጅቶታል» የሚለውን በአጭሩ ለመመለስ ጌዴኦን ማንሳት ይበቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይኖርበት የነበረ ተራራማ ምድር ነው፤ በሀገሪቱ ካሉት እጅግ የተጨናነቁ የገጠር አካባቢዎች አንዱ። ሆኖም ከላይ አገር በቀል ዛፍ፣ ከመካከል እንሰት፣ ከሥር ቡና እያደረገ ኑሮውን በዛፍ ጥላ ሥር መሥርቷል። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ የማይቆረጥባቸው የተቀደሱ ደኖችና የማሳው አሠራር የአንድ ሕይወት ክፍሎች ናቸው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዛቱ ጫና አለው፤ ጌዴኦም ከዚያ ነጻ አይደለም። ግን ብዙ ሰው ባለበት ሁሉ ዛፍ ይጠፋል የሚለው ሕግ እዚያ አልሠራም።

የእምነት ለውጥ የበለጠ ያሳስባል። የተቀደሰው ዛፍ ለአያቱ የጸሎት ቦታ የነበረ ወጣት ዛሬ በሌላ እምነት ውስጥ ሆኖ ያንን ዛፍ እንደ ጣዖት ሊያየው ይችላል፤ መብቱም ነው። ክብሩ ሲወድቅ ዛፉን የሚጠብቀው ምን ይሆናል? ጓሳ እዚህም ፍንጭ ይሰጣል፤ የበዓሉ ቀን ደንቡን ተሸከመው እንጂ ደንቡ ለምእመን ብቻ የሚገባ አልነበረም፤ መዝጋትና በተራ መጠበቅ በሌላ ዓይነት ስብሰባም ሊታወጅ ችሏል። በሌሎች ቦታዎች ግን ደንቡና እምነቱ ስለተጣበቁ አንዱ ሲሄድ ሌላው ተከትሏል። ይህ ኪሳራ ነው፤ በውይይት ብቻ የሚካካስም አይደለም። የቀበሌና የዕድር ስብሰባ፣ የመስጊድና የአጥቢያ ጉባኤ ያንን ሥራ እንዲረከብ ካልተደረገ የሚተርፈው በበዓል ቀን የሚለበስ ልብስ ነው።

ስለዚህ ለቅርስ የሚመደበው ገንዘብ ወዴት ቢሄድ ይሻላል? አብዛኛው አሁን ወደ መድረክ ይሄዳል። የባህል ቡድን ይቋቋማል፤ የኤላው ዘፈን በደንብ ልብስ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ባዶ ባልዲ ይዘው በሚወዛወዙ ወጣቶች ይቀርባል። ይህን መናቅ አልፈልግም፤ ዜማው እንዳይረሳ ያግዛል፣ ወጣቶቹም ይከፈላቸዋል። ግን ባዶው ባልዲ ማንንም አያጠጣም። ዘፈኑን ከሥራው ጋር ማቆየት ከተፈለገ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ የሚመስል የአስተዳደር ሥራ ነው፤ የግጦሽ ድንበር በካርታ ማስፈር፣ የኤላ ጉባኤን ውሳኔ ወረዳው እንዲያከብረው በደንብ ማጽናት፣ የደን ቅጽር ለማሠራት ጥቂት ብር መመደብ፣ አዲስ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ያ ሜዳ በየትኛው ወቅት እንደሚያርፍ አባ ሄሬጋውን መጠየቅ። ለኤላው የውሃ መሳቢያ ሞተር ይምጣ አይምጣ የሚለው ክርክር ራሱ ከቦታው የወጣ ነው። 30 ሜትር ውስጥ ገብቶ ሲቀዳ የሚውል ጎረምሳ ሞተር ቢመጣለት ይደሰታል፤ ለማንም ቱሪስት ሲል ጀርባውን እንዲያጎብጥ ሊጠየቅ አይገባም። የሞተሩ ቁልፍ ግን በአንድ ሰው ኪስ ከሆነ፣ ወይም ነዳጅ ለገዛ ሁሉ በማንኛውም ቀን የሚከፈት ከሆነ፣ ተራውና የዝናቡ ወራት መዝጊያ በአንድ በጋ ይፈርሳሉ። በጉባኤው እጅ ከሆነና በዝናብ ወራት ከተዘጋ፣ ዘፈኑ ቢቀንስም ሣሩ ያርፋል።